የባዩ ስም የሌለበት ካሴት

ውድ ጋሼ ማንደፍሮ፣

እማዬ ስልኩን ወደ እኔ በዘረጋችው ቁጥር እጄን እያወዛወዝኩ «የለችም በይው» ስላት ሁለት ወር አለፈ። እርስዎም የነቁብኝ ይመስለኛል። ባለፈው እሑድ «እሺ፣ ስትመጣ ሰላም በይልኝ» ሲሉ ድምፅዎ ተሰማኝ፤ እኔ ሶፋው ላይ ከእማዬ ጎን ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ዘጋች። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

በስልክ ያልነገርኩዎት አንደበቴን ስለማላምነው ነው። ነገር ማሳመር ለምዷል። እንጀራዬም እሱ ነው፤ ሮተርዳም ቢሮ ቁጭ ብዬ የምሠራው፣ ሰዎች በግርድፉ የጻፉትን ተቀብዬ ለጆሮ የሚጥም አድርጌ መመለስ ነው። በስልክ ብጀምር ገና «ጋሼ» ከማለቴ ራሴን የሚያስምር ቃል እፈልጋለሁ። ስለዚህ እየጻፍኩ፣ ያማረ ሲመስለኝ እየሰረዝኩ፣ እዚህ ደርሻለሁ። ወደ አዳማ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በእሱ እልከዋለሁ።

አመጣጥዎ የደስታ ነበር። ያ ያስፐር የሚባለው የአምስተርዳም ሰው፣ አሮጌ ሙዚቃ እያደነ በሸክላ የሚያሳትመው፣ የእናንተን የቀትር ባንድን የመጀመሪያ ካሴት ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ «ሠላሳ አንድ ቁጥር» የሚለውን ዘፈን ሰምቶ አበደ። የዘፋኙ የእህት ልጅ ሄግ ውስጥ እንደምትኖር ሰው ነግሮት ደወለልኝ። እኔ ያን ዘፈን የማውቀው እማዬ ቅዳሜ ቤት ስታጸዳ የምትከፍተው ነገር ብቻ ሆኖ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲጀምር መጥረጊያዋን ይዛ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ልጅ፣ ልጅቷ ከሠላሳ አንድ ቁጥር ስትወርድ አይቶ የሚለውን ያጣል፣ በቃ። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ያ ካሴት ያልተከፈተበት ሻይ ቤት፣ ያልጮኸበት ታክሲ እንዳልነበረ፣ ወንድሟ በእግሩ መሄድ አቅቶት እንደነበር እማዬ ስትነግረኝ ግማሹን አላምናትም ነበር። ያስፐር ግን ሸክላውን አውጥቶ በአንድ ወር ሲያልቅበት፣ እርስዎን አስመጥቶ በሦስት ከተማ ሊያዘፍንዎት ወሰነ። አምስተርዳም፣ ሮተርዳም፣ ሄግ። አስተርጓሚ እኔ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ስኺፖል አየር ማረፊያ ከበሩ ሲወጡ ሳይዎት አፈርኩ። ወይን ጠጅ የሚያብረቀርቅ ጃኬት፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ፀጉር፣ ሾል ያለ ጫማ። ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ያስፐር አበባ ይዞ ቆሟል። እኔ በልቤ «ምነው ዕድሜውን የሚመጥን ነገር ቢለብስ» እል ነበር። ጭራሽ ከድንጋጤዬ «እንዴት ነህ ጋሼ?» ብዬ አንተ አልኩዎት፤ እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። እርስዎ ስቀው «ተያት፣ የፈረንጅ ልጅ ናት» አሉ።

ሙርዋይክ እኛ ቤት በቆዩባቸው ቀናትም ሐፍረቴ አልለቀቀኝም። ትራም ውስጥ ጮክ ብለው ሲያወሩ። ለያስፐር ለእያንዳንዱ ነገር ሲያጎነብሱ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ እራት ጋብዘውን «ሙዚቃ ለምን ጀመሩ?» ሲሉዎት «ሴቶች እንዲያዩን ነዋ!» ብለው በሳቅ ሲፈነዱ። እኔ ያኔ ሳልተረጉም በፊት ትንሽ አሰብኩና «ወጣቱ የሚናገርበት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው ይላሉ» አልኳቸው። ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። የመጀመሪያዋ ውሸቴ ያቺ ነበረች። ቀላል ነበረች፤ ጣፈጠችኝም።

አምስተርዳም መድረክ ልንወጣ ስንል ከመጋረጃው ኋላ እጄን ያዙኝ።

«ቢታንያ፣ ዛሬ አንድ ነገር እናገራለሁ።»

«ምን ጋሼ?»

«አርባ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። እናትሽም አታውቀውም። እዚህ ማንም አያውቀኝም፣ እዚህ ይቅለለኝ። አደራ፣ ሳትዘልይ ተርጉሚልኝ።»

«እሺ» አልኩ። አደራውን የሰማሁት ግን በግማሽ ጆሮ ነበር። በመጋረጃው ቀዳዳ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው አየኋቸውና ስለ እነሱ እያሰብኩ ነበር።

ያስፐር ጠየቀዎት፦ በዚያ ክፉ ዘመን እንዲህ ያለ ነፃ ሙዚቃ ለመሥራት ድፍረቱን ከየት አመጣችሁት? እኔ ወደ አማርኛ መለስኩልዎት። እርስዎ ማይክሮፎኑን በሁለት እጅ ያዙ። ያሉትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«ድፍረት አልነበረንም» አሉ። «የሠላሳ አንድ ቁጥርን ዜማ የሠራው ባዩ ነው፣ የባስ ጊታር ተጫዋቻችን። የሚፈለግ ጓደኛውን ቤቱ አሳድረሃል ተብሎ ካሴቱን ልንቀዳ ሳምንት ሲቀረን ወሰዱት። እኛ ፈራን። ጊታሩን ለሌላ ልጅ ሰጠን። ስሙን ከሽፋኑ ላይ አወጣን። ዜማውን በእኔ ስም አደረግነው። እናቱ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት ስትሄድ በደጃችን ነበር የምታልፈው፤ እኔ ስትመጣ ሳይ መጋረጃ እዘጋ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁትም። ካሴቱ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው፣ ሰው በመንገድ ሲያቅፈኝ፣ እሱ እዚያው ውስጥ ነበር። ይህን ዘፈን ዛሬ ስዘፍንላችሁ የማን እንደሆነ እወቁልኝ።»

ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ። አዳራሹ በሙሉ አፌን ይጠብቃል።

ልቤ ምን እንዳለ ሳልሸፍን ልጻፍልዎት። አላዘንኩልዎትም። «አሁን ይህን ለነዚህ ሰዎች እንዴት ብዬ ነው የምናገረው? አጎቴ ፈሪ ነው ልበል? ጓደኛውን የካደ፣ ዜማ የሰረቀ ነው ልበል?» ነው ያልኩት። ስለ እርስዎም አልነበረም፤ ነገ ቢሮ ስገባ እንዴት እንደሚያዩኝ ነበር። ከዚያ አፌ በራሱ ተከፈተ። በደች ያልኩት ይህ ነው፦ «ከባንዱ አንዱ፣ ባዩ፣ ታስሮ ነበር። የቀሩት አደጋውን እያወቁ ካሴቱን ሠሩ። ይህን ዘፈን ለእሱ ነበር የዘፈኑት። አውቶቡስ ጠባቂው ልጅ ጓደኛውን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ዛሬም ለእሱ ይዘፍኑለታል።»

አዳራሹ ተነሣ። ሦስት መቶ ሰው ቆሞ አጨበጨበልዎት። እርስዎም በዚያ በሚያብረቀርቅ ጃኬት መሐል መድረክ ላይ ቆመው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ወደ ሄግ በባቡር ስንመለስ መስኮቱን እያዩ ያሉኝን ባስታወስኩ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። «እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው! እንዲህ ያለ ነውር ነግሬያቸው፣ ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። 'ሰው ነህ፣ ይበቃሃል' ያሉኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ቢታንያዬ፣ ደረቴ ቀለለኝ።»

ሥራ ይዟት ለዘፈኑ ብቻ የደረሰችው እማዬ «ምን ነግረሃቸው ነው?» አለች። እርስዎ «በኋላ እነግርሻለሁ» አሏት። እኔ ደግሞ «አዎ ጋሼ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው» አልኩ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ከላይደን እስከ ሄግ ድረስ መናገር እችል ነበር። ይልቅስ ብርድ እንዳይነካዎት ብዬ ሻርፔን አለበስኩዎት።

በማግስቱ አንድ ጋዜጣ ታሪኩን ይዞት ወጣ፦ ለታሰረ ጓደኛቸው የዘፈኑት ወጣቶች። ሥዕልዎን አይተው ደስ አለዎት፤ «ምን ይላል?» ሲሉኝ «አመስግነውዎታል» ብዬ አለፍኩት። የሮተርዳም መግቢያ ቲኬት በሁለት ቀን አለቀ።

ሮተርዳም እሑድ ከሰዓት ነበር። ያስፐር ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ሕዝቡ የመጣው ለዚያ ታሪክ ነውና። እርስዎም አሁን ስለቀለለዎት አልተጨነቁም፣ ረዘም አድርገው ነገሩት። እኔም ለምጄዋለሁ። መጋረጃ የዘጉባትን የባዩን እናት እንኳ «በየቀኑ በመስኮት ሆነው እያዩአት ልባቸው ይሰበር ነበር» አደረግኋት። ገና ጭብጨባው ሲጀምር ከመሐል ረድፍ አንዲት ሴት ተነሣች። ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች፣ ሃምሳን የዘለለች ሴት። እጇን ከፍ አድርጋ በጠራ ደች «ይቅርታ» አለች። «እኚህ ሰው እንዲህ አላሉም።»

ጭብጨባው ቆመ። ቀጥላ ወደ እርስዎ ዞራ በአማርኛ፦ «ማንዴ፣ እኔ የባዩ እህት ነኝ። ይመኙሻል ነኝ።»

እርስዎ ማይክሮፎኑን አወረዱ። «ትንሿ ይሙ?»

«አዎ። አሁን የተናገርከውን ሁሉንም ሰምቻለሁ። እነሱ ግን አልሰሙም። ልጅቷ 'ለእሱ ነው የዘፈንነው፣ አልከዳነውም' ብለሃል ብላቸዋለች። ጋዜጣ ላይም እንደዚያ ነው የወጣው። እኔ ልሰድብህ ነበር የመጣሁት።»

ወደ እኔ ቀስ ብለው ሲዞሩ የነበረው ፊትዎ፣ ጋሼ፣ የተቆጣ ፊት ቢሆን በተሻለኝ። ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር። «ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«ትንሽ… አሳምሬ ነው የተረጎምኩት።»

«አምስተርዳምም?»

«አዎ።»

«ታዲያ እነዚያ ሰዎች ያጨበጨቡት ለምኑ ነው?»

ማይክሮፎኔ ክፍት ስለነበር አማርኛ የማያውቀው ሕዝብ ጭምር ትንፋሼን ይሰማል። ያስፐር «ምን ተፈጠረ?» እያለ አንዴ እርስዎን አንዴ እኔን ያያል። ማይክሮፎኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና በጎን በር ወጣሁ። እማዬ ስትጠራኝ ሰምቼ አልዞርኩም። እርስዎን ቋንቋውን የማያውቁትን ሰው ከሦስት መቶ ሰው ፊት ጥዬ ሄድኩ። ከውሸቴ ይልቅ አንዳንዴ ይህ ይብስብኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከሰው አፍ ነው። ይመኙሻል ወደ መድረኩ ወጥታ፣ እርስዎ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲናገሩ ጠይቃ፣ ቃል በቃል እንደተረጎመችው። ማንም እንዳላጨበጨበ። ጥቂት ሰዎች ተነሥተው እንደወጡ፣ አብዛኛው ግን እንደቀረ። ዘፈኑን ያለ አጃቢ በጊታርዎ ብቻ እንደዘፈኑት፤ ካለቀ በኋላም አንዲት አሮጊት «አመሰግናለሁ» እንዳሉ። እማዬ ይህን ስትነግረኝ «ወንድሜን ገና ዛሬ አወቅሁት» አለች። አልቅሳ ነበር፤ ግን የሐፍረት ለቅሶ አይመስለኝም።

እኔ አምስተርዳም፣ ቢልመር፣ ጓደኛዬ ሳሌም ቤት ነበርኩ። አሞኛል ብዬ። ሄግ የዘፈኑበት አዳራሽ ከእኛ ቤት በትራም ሃያ ደቂቃ ነው፤ አልመጣሁም። በሄዱበት ቀን እማዬ ስኺፖል ሆና ደወለችልኝ፤ «አሥሬ ወደ በሩ እያየ ነው» አለችኝ። ከሳሌም ቤት ስኺፖል ቅርብ ነው። ካፖርቴን ለብሼ በሩ ድረስ ሄጄ መልሼ አወለቅሁት። እማዬ ከተመለሰች በኋላ «ልጅቷን አትቆጪያት ብሎኛል» አለች። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ምን አደረግሁ? መጀመሪያ ያስፐር ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ምክንያት ይዤ ነበር የሄድኩት፤ እናንተ የምትፈልጉት የጀግና ታሪክ ስለሆነ ነው ልለው። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ለምን?» አለኝ። «እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ ይበልጥ እወደው ነበር። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር መናገር የሚችል ሰው አላውቅም።» ያችን ምክንያቴን እዚያው ወሰደብኝ። ውሸቱን ማንም አልጠየቀኝም። ለጋዜጣውም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በስሜ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ። በትንሽ ቦታ አወጡት። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አንብበውታል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወሬያቸው እኔ ስቀርብ ይቀንሳል። ይሁን። ሁለተኛው እትም ሸክላ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፤ ዜማ በባዩ ይላል። ያስፐር እርስዎን ጠይቆ ያደረገው ስለሆነ ይህንን ያውቁታል።

የማያውቁት ይመኙሻል ዘንድ መሄዴን ነው። ሮተርዳም በስተደቡብ ነው ቤቷ። አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች የምትረዳ ሴት ናት፤ ጋዜጣውንም ያየችው ከምታጥባቸው አሮጊቶች አንዷ «ይህ የአገርሽ ሰው አይደለም ወይ?» ብለው ሲሰጧት ነው። በሩን ከፈተችልኝ እንጂ ግቢ አላለችኝም፤ ተከትያት ገባሁ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ ማጣጠፏን አላቆመችም። ይቅርታ አልኳት።

«እኔን ሳይሆን እሱን ነው ማለት ያለብሽ» አለች። «እኔማ አርባ ዓመት የፈለግሁትን ነገር በጆሮዬ ሰማሁ። አንድ ሰው ተነሥቶ 'አዎ፣ ትተነው ነበር' እንዲል። አንቺ ባትኖሪ እነዚያ ሰዎችም ይሰሙት ነበር።»

አንድ አንሶላ አጣጥፋ ስትጨርስ ተቀመጠች።

«ባዩ ዘፈኑን ሰምቶታል፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እስር ቤት፣ በዘበኛው ሬዲዮ። እናቴ ልትጠይቀው ስትሄድ 'ጥሩ አድርገው ሠሩት' አላት። ፊቱ በርቶ ነበር ትላለች። ከዚያ 'ስሜን ጠርተውታል?' አላት። እናቴ መዋሸት አትችልም፣ 'አልጠሩትም' አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃ አላወራም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ ከነሳሉ ነው የወጣው፣ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ይህን ለማንዴ ሄግ ሲዘፍን ሄጄ ልነግረው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንቺ ንገሪው።»

«እኔ?»

«አንቺ። ግን ሁለቱንም ንገሪው። 'ጥሩ አድርገው ሠሩት' ማለቱን ብቻ ከነገርሽው እንደገና ዋሽተሻል። 'ስሜን ጠርተውታል ወይ' ማለቱን ብቻ ከነገርሽውም ዋሽተሻል።»

እነሆ፣ ጋሼ። ሁለቱንም ነገርኩዎት። ስጽፈው አንዱን ለማለዘብ እጄ ስንት ጊዜ እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው። ቃሎቹ ግን የእሷ ናቸው፣ አልነካኋቸውም። የሚያቆስል ከሆነ ያቁስልዎት፣ የሚያጽናና ከሆነ ያጽናናዎት፤ ሁለቱም የእርስዎ ነው፣ እኔ የምመርጥልዎት አይደለም።

አሁን ደግሞ የራሴን። ጋሼ፣ የለወጥኩት ቃልዎን ነው፤ ያፈርኩት ግን በእርስዎ ነው። በጃኬትዎ፣ በሳቅዎ፣ በፍርሃትዎ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ያላፈረ አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ነበሩ፤ ነውርዎን በአደባባይ ተናግረው ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ሰው እንዳያየኝ በጎን በር ወጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ስል ይህን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ ማለቴ ነው፤ ትርጉሙን ብቻ አይደለም።

ይመኙሻል በመስከረም ወደ አገር ቤት ትመጣለች። ከእርስዎ ጋር የባዩ መቃብር ላይ ለመሄድ እንደተቀጣጠራችሁ ነገረችኝ። ለሁለታችሁ አስተርጓሚ አያስፈልግም፣ አውቃለሁ። ግን ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እርስዎ እሺ ካሉ እኔም መጥቼ ከኋላችሁ መቆም እፈልጋለሁ። መናገር አልፈልግም። የሚባለውን መስማት ብቻ።

በሚቀጥለው እሑድ ሲደውሉ ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ። ነይ ካሉኝ እመጣለሁ። አትምጪ ካሉኝ፣ አትምጪ ማለትዎ ነው፤ ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም።

የእህትዎ ልጅ
ቢታንያ
ሙርዋይክ፣ ሄግ